ጽዋው በባጃጅ ሄደ

ቆቦ ውስጥ ታናሽ ወንድሜ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ማወቁ ነው። ሥጋ ሻጩ «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል። ባለሱቋ ደግሞ እናቴ እሱን አርግዛ በቀትር ወንዝ ስለተሻገረች ጋኔን ተጠግቷት ነው ትላለች። ወንዙን ብታዩት! ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ክረምት ላይ አንዴ ደፍርሶ ይመጣና የሰው አጥር ጠራርጎ ይሄዳል፣ በቃ። ጋኔኑ ከዚያ በኋላ ምን ጠጥቶ እንደሚከርም እግዜር ይወቅ።

እናቴ ደሴ ወስዳው ነበር። ሐኪሟ ብዙ ካየችው በኋላ «ኦቲዝም ይባላል» አለቻት። እናቴ ያቺን ቃል እንዳትረሳት ከደሴ እስከ ቆቦ መኪና ላይ በአፏ ስታላምጣት መጣች። ሰፈር ደርሳ ለጎረቤት ስትናገር መጀመሪያ የጠየቋት «እሺ፣ መድኃኒቱስ?» ብለው ነው።

«መድኃኒት የለውም። ቀስ እያሉ ማላመድ፣ ማስተማር ነው አለችኝ።»

«መድኃኒት ከሌለውማ የሐኪም አይደለም» ብለው ዘጉት።

እኛ ሰፈር እንዲህ ነው፤ ሐኪም ያልቻለው ሁሉ የሰይጣን ነው። በዚህ አያያዝ የኔ ባጃጅ ካርቡራተርም ጸበል መግባት አለበት፤ መካኒክ ሁሉ እጁን ሰጥቶበታል።

አባቴ ወሬውን እንደሰማ «ሰሊጥ አጨዳ» ብሎ መተማ ወረደ። ያ ሰሊጥ እስከ ዛሬ ታጭዶ አላለቀም።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ጦርነቱ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ሲከፈት እኔ ባጃጅ ላይ ነበርኩ። ከቆቦ ሮቢት፣ ከሮቢት ቆቦ። ስለዚህ የተማረ ሰው የሚለውን አልልም፤ ያየሁትን ነው የምለው። ወንድሜ አይናገርም። ሰው ዓይን አያይም። ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍንና ይጮሃል፣ ከባሰበት የራሱን እጅ ይነክሳል። ሲደሰት ደግሞ በእግሩ ጣት ቆሞ ይዘላል። እና ክዳን ይወዳል። ክዳን ያለው ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ቴርሞስ፣ ጀሪካን፣ የበርበሬ ጣሳ፣ የሕፃን ጡጦ ሳይቀር ከየቤቱ አንስቶ ያመጣና በኛ ቤት ግድግዳ ሥር ይደረድረዋል። ሰፈርተኛው ዕቃ ሲጠፋበት ሌባ አይፈልግም፤ ቀጥ ብሎ እኛ ቤት ይመጣል። «ደህና ዋላችሁ፣ ቴርሞሴን ልውሰድ» ይላል። ለምደነዋል።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታት ሴትዮ ሙስሊም ናት፣ ደግ ሴት ናት። እሷ ሼኪው ዱዓ ያደረጉበትን ውሃ ታመጣና ትረጨዋለች። እናቴ ከማርያም ያመጣችውን ጸበል ትረጨዋለች። ልጁ ከሁለቱም ወገን ሲረጭ ከርሞ ያተረፈው ጉንፋን ብቻ ነው። እናቴ ግን አንዱንም አትከለክልም። «ማንኛው እንደሚሰማ ምን አውቄ ነው» ትላለች።

እሷ የምትታመመው በውሃው አይደለም። በሰው አፍ ነው። አንድ ቀን አንዷ የማህበሯ ሴት «ላንቺ ነው እታለም፣ በደንብ አድምጪው» ብላ በስልክ ስብከት ላከችላት። ሰባኪው መነጽር አድርጎ፣ ከኋላው ጨርቅ ሰቅሎ ይጮሃል። «እንዲህ ያለ ልጅ የእናት ኃጢአት ፍሬ ነው» ይላል። ስልኩን ነጥቄ አጠፋሁት። እሷ ግን ሰምታዋለች። ከዚያ በኋላ ምጣድ ላይ እንኳ ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምራ ኃጢአቷን እየቆጠረች ነው። ምን ኃጢአት አላት? ከሰው በርበሬ ተበድራ ሳትመልስ ቀርታ ይሆናል።

ጠዋት ጠዋት ሥዕሉ ፊት ትቆማለች። ጸሎት እንዳይመስላችሁ፤ ጭቅጭቅ ነው። «አንቺም እናት ነሽ» ትላታለች ማርያምን። «ያንቺው በቤተ መቅደስ ቢጠፋብሽ ሦስት ቀን ነው የፈለግሽው። የኔው በየቀኑ ነው የሚጠፋው። አስፋልት ላይ ነው የሚጠፋው፣ አይሱዙ በሚበርበት። እስቲ ነይና አንድ ቀን ፈልጊልኝ።» ከዚያ አልቅሳ ስታበቃ አፏን ይዛ «ይቅር በይኝ» ትላለች፣ ነጠላዋን ታስተካክልና ጉልት ትሄዳለች። እኔ ፍራሽ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። አንዳንዴ «በርቺ፣ አትልቀቂያት» ልላት ያምረኛል።

ሐኪሟ «ለአንቺም ዕረፍት ያስፈልግሻል» ብላት ነበር። ምክር ቀላል ነው። ማን ይስጣት? ያለቻት ዕረፍት በወር አንዴ፣ በሃያ አንድ፣ የማርያም ማህበር ናት። ያን ቀን ራሷ ያልጋገረችውን ትበላለች። ሌላ ሰው እጇን ያስታጥባታል። ትስቃለች፤ ሳቋ አጥር ያልፋል። ስትመለስ ለሁለት ሦስት ቀን ፊቷ ሌላ ሴት ነው።

እሷን ቀን ነው ሊነጥቋት የተነሡት። በክፋት ቢሆን ጥሩ ነበር፣ መሳደብ ይቻላል። በአዘኔታ ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ተራው እናቴ ጋ ደርሶ ቤታችን ዘክራ ነበር። ልክ ጽዋው ሲነሣ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ እልልታውን አቀለጡት። የኛ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ጣሪያው ራሱ ያስተጋባል። ወንድሜ ጮኸ፣ ጆሮውን ደፍኖ ሮጠ፣ ሲሮጥ የጠላውን እንስራ ገፋው። እንስራው የማህበሩ ሙሴ ላይ ተገለበጠ። ሙሴ የሚሏት መሪያቸውን ነው፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ለማርያም ራሷ ትእዛዝ የምትሰጥ የምትመስል ሴትዮ ናት። ከአናቷ እስከ ጫማዋ ጠላ ሆነች። እኔ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ተራ ሲደርስ «አሳልፈንልሻል፣ አንቺ እንዳትቸገሪ» ይሏታል።

«ታዲያ ምናለበት?» አልኳት አንድ ጊዜ። «ሳትደግሺ ትበያለሽ። ድርጎ ማለት ነው።»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ተራ የሌለው ሰው ማህበርተኛ አይደለም። ዛሬ ተራሽን ያሉ ነገ ቦታሽን፣ ከዚያ ወዲያ እቤትሽ እንላክልሽ ይላሉ። ከዚያ እኔ ከማን ጋር ልሳቅ?»

ባጃጄን ላስነሣ ወጣሁ።

ያለፈው ዓመት አሳለፏት። ዘንድሮም ሊያሳልፏት ነው። በሚወሰንበት ቀን ማህበሩ አስፋልት ዳር ካለች ሴትዮ ቤት ነበር። እናቴን አደረስኳት፤ ወንድሜ ባጃጁ ውስጥ ከኔ ጋር ቀረ። የሞተሩን መንቀጥቀጥ ይወዳል፣ ሞተር ካልጠፋ ውሎ ያድራል። ውስጥ የተባለውን በኋላ እናቴ እያንዳንዷን በድምፅዋ እያስመሰለች ነግራኛለች፤ ስለዚህ እንደሰማሁት ቁጠሩት።

ሙሴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እታለም፣ የሚመጣው ወር ተራሽ ነበር። ተመካክረን አሳልፈንልሻል።»

«ማን አሳልፉልኝ አላችሁ?»

«አዝነንልሽ ነው እንጂ! የልጁ ነገር...»

«አምናም አዝናችሁልኝ ነበር።»

«አምናም ከልባችን ነው።»

«መቼ ነው የማታዝኑልኝ?»

አንዷ ከጥግ «ኧረ አንቺ፣ መጥተሽ ብይ፣ ማን ከለከለሽ?» አለቻት።

«ተራ ሳይኖረኝ የምበላው ነዳያን ነኝ? እንዲያ ከሆነ በር ላይ ቁጭ ልበልና ቁራሽ ጣሉልኝ።»

ነገሩ ሊግል ሲል አባ ተነሡ። የማህበሩ ቄስ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን ሌላም ዝክር ይጠብቃቸው ነበር፣ እግራቸው ከነፍሳቸው ቀድሞ ወጥቷል። «በማርያም ጽዋ ፊት ክርክር አይገባም። ተነሡ፣ አቡነ ዘበሰማያት በሉ» አሉ። ሁሉም ተነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ደፋ። ጽዋው በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ መሃል ዱካ ላይ ተቀምጧል። ክዳን አለው። መቼም ይሄን መናገር አይጠበቅብኝም።

እኔ በዚያ ሰዓት «ጎብዬ በስንት ትወስደኛለህ?» ከሚል ሰውዬ ጋር እየተከራከርኩ ነበር። ዞር ስል ወንድሜ ከግቢው ሲወጣ አየሁት። ሲገባ አላየሁትም። በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጽዋ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በጣቱ እየተራመደ መጥቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከውስጥ ጸሎት ይሰማል።

ሌላ አገር ያለ ሰው ቢሆን «ልጁ ዕቃ ሰረቀ» ይል ነበር። እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ ያየሁት ተረኛ ጽዋ ተቀብላ ወደ ቤቷ ስትልክ ነው። «ሰጧት!» አልኩ። «በልጇ እጅ ነው የላከችው፣ አንጀታቸውን ልታሳርር!» ደስ ከማለቱ የተነሣ የጎብዬውን ሰውዬ ጥዬው ሄድኩ። ጥሩምባ እየነፋሁ እንደ ሙሽራ ልወስደው ነበር፣ የወንድሜ ጆሮ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ጉድጓድ እየሸሸሁ፣ በቀስታ፣ ጽዋውን ቤት አደረስኩት። ወንድሜ ወርዶ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጎረቤታችን ደጅ ስለነበረች እሱን አደራ ብዬ እናቴን ላመጣ ተመለስኩ።

ስመለስ ለቅሶ ቤት መሰለኝ። ለካ አባ «አሜን» ብለው ዓይናቸውን ሲገልጡ ዱካው ባዶ ነው። ሙሴ ደረቷን ትደቃለች። «ተሰወረ! ጽዋው ተሰወረ!» ሌላዋ መሬት ላይ ተደፍታለች። አንዷ «በኔ ነው፣ በኔ ነው! ባለፈው ወር ጠላውን ውሃ አብዝቼበታለሁ!» እያለች ትናዘዛለች። ይቺኛዋ ያቺን ስብከት የላከችው ናት። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ የሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። እናቴ ብቻ ጥግ ይዛ ዝም ብላለች። ገብቷታል።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ። «ጽዋው እኮ ቤት ደርሷል።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«የማን ቤት?» አለች ሙሴ።

«የኛ ቤት ነዋ። ወንድሜ ይዞት ወጣ፣ እኔ አደረስኩት። እናንተ አይደላችሁ የሰጣችሁት?»

ሙሴ እንደ ኩበት ጨሰች። «ሌባ! አሁኑኑ መልስ!» ስትል አንዲት አሮጊት «ቆይ ቆይ» ብለው በምርኩዛቸው መሬቱን መቱት። «ጽዋ የገባበት ቤት ሳይዘከርበት ይወጣል? ከናቶቻችን የመጣው ሕግ ምን ይላል?»

«አይወጣም» አሉ አባ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። «ደፍ ካለፈ አይወጣም።»

የሰው ልብ እንዴት እንደሚገለበጥ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጠላው ላይ ውሃ ያበዛችው ሴትዮ ብድግ አለች። «እመቤቴ ራሷ መርጣ ነው! እኛ ስናሳልፋት እሷ በሕፃኑ እጅ ላከችላት!» አለች። ከዚያ በቃ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደኛ ቤት ጉዞ ሆነ። እኔ እንደ ታቦት አጃቢ ባጃጄን ከኋላቸው እያንፏቀቅኩ።

ቤት ሲገቡ ጽዋው ቦታውን ይዟል። በግራው የዘይት ጀሪካን፣ በቀኙ አንድ ሰማያዊ ቴርሞስ። ቀዩን ጨርቅ አጥፎ ወደ ጎን አድርጎታል። ሴቶቹ ይሄን ሲያዩ ድፍት አሉ። ሰው ለዘይት ጀሪካን ሲሰግድ አይቼ አላውቅም ነበር፣ አየሁ። ሙሴም እየከበዳት ተንበረከከች፣ ግንባሯን መሬት አስነካች፣ ቀና ስትል «ቴርሞሴ!» አለች። ከፋሲካ ጀምሮ የጠፋባት ነው።

ከዚያ እልልታውን አቀለጡት።

ወንድሜ ጆሮውን ደፍኖ ጮኸ። ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፣ እጁን ነከሰ። «መንፈስ ነው! ሲናገር ስሙት!» አለች አንዷ። የጉልበት በሽታ ያለባት ሴትዮ የነከሰውን እጁን ጎትታ ጉልበቷ ላይ ታሻሸው ጀመር። እኔ ሴት ልመታ ነው፣ ለትንሽ ነው የዳንኩት። እናቴ ቀደመችኝ።

«እጅሽን አንሺለት!»

እናቴ ጮኻ አታውቅም፣ ልጁ ስለማይወድ። ሴትዮዋ እጁን ለቀቀች። እሷ ልጁን ከኋላው አጥብቃ አቀፈችው፣ እንደዚያ ሲሆን ይረጋላታል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ጋኔን አላችሁት፣ ዝም አልኩ። የኃጢአትሽ ፍሬ አላችሁኝ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬ ቅዱስ ስትሉት ግን ዝም አልልም። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ጉልበቱንና ወገቡን ይዞ በሬ ላይ ሊሰለፍ ነው። ልጄ ክዳን ይወዳል። ጽዋችሁ ክዳን አለው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«እታለም፣ የመቤቴን ሥራ አትካጂ» አለች ሙሴ።

«የመቤቴን ነገር ለኔ ተዪልኝ፣ ጠዋት ጠዋት እንነጋገራለን።»

ከዚያ ያደረገችውን አላመንኩም። ልጁን ለኔ አስያዘችኝና ጽዋውን በጨርቁ ሸፈነች፣ በሁለት እጇ አንሥታ ሙሴ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«እማ! ምን ነካሽ?» አልኩ። «ደፍ አልፏል እኮ! አባ ፈርደውልሻል!»

«አንተ ዝም በል።» ወደ ሙሴ ዞረች። «በስህተት የገባ ጽዋ አልፈልግም። በተአምርም አልፈልግም። ተራዬ ነው ካልሽ በእጅሽ ስጪኝ። አይደለም ካልሽ ይዘሽው ውጪ፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ማህበርተኛ አይደለሁም።»

የሙሴ ፊት ላይ ላብ ወረደ። የቆቦ ሙቀት ብቻ አልነበረም። ጽዋውን ታያለች፣ እናቴን ታያለች፣ አባን ታያለች። አባ ጣሪያውን ያያሉ። ብትሰጥ ተሸንፋለች። ይዛ ብትወጣ ደግሞ ደፍ ያለፈ ጽዋ ያወጣች ሴት ተብላ ልጅ ልጇ ድረስ ይወራባታል።

«ያ... ያለፈው ጊዜ እንደሆነውስ ቢሆን? ጠላው?»

«እልልታ አይኖርም። ጭብጨባም የለም። በቀስታ ትገባላችሁ፣ በቀስታ ትበላላችሁ።»

«ያለ እልልታ ማህበር?» አለች አንዷ፣ ያለ ክርስቶስ ገና የተባለች ይመስል። «አባ፣ ይሄ ይፈቀዳል?»

አባ ሰዓታቸውን አዩ። «እልልታ ደስታ ነው እንጂ ሕግ አይደለም» አሉ። «ስጧትና እንሂድ።»

ሙሴ ቆማ ቆማ፣ በመጨረሻ ጽዋውን በሁለት እጇ ዘረጋች። «ተራሽ ነው። እንኪ» አለች። እናቴ ሳመችና ተቀበለች። አንዷ ከልማድ አፏን ልትከፍት ስትል ሙሴ ራሷ በክርኗ ደቃቻት።

የወሩ ሃያ አንድ ደረሰ። እንደዚያ ያለ ማህበር ቆቦ አይቶ አያውቅም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው እንደ መስጊድ ገቡ፤ ጎረቤታችን በአጥር አይታ «ማሻአላህ፣ ሰለሙ እንዴ?» አለችኝ። አባ ጸሎቱን በሹክሹክታ አደረሱ። ወንድሜ በመሃላቸው እየዞረ ያገኘውን ብርጭቆ ሁሉ በቆርኪም በሳህንም ይከድናል፤ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ሙሴ፣ ያቺ ለማርያም ትእዛዝ የምትሰጠው፣ ጎንበስ ብላ «የኔ ጌታ፣ ጠላዬን ክፈትልኝ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልከፈተላትም።

እናቴ ስታሳልፍ ከንፈሯን ነክሳ ነው የዋለችው። ሁለቴ ጓሮ ወጥታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቀች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ ተሰጠ። በጣታቸው ተራምደው ወጡ፣ እንደ ሌባ፣ አንድ በአንድ። በሩን ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቶ ከአስፋልቱ ወዲያ ያ ቀኑን ሙሉ የታመቀ እልልታ ሲፈነዳ ተሰማ። አንድ መኪና ፍሬን ሲይዝ ሰማሁ። ወንድሜ ቀና እንኳ አላለም፣ ርቀዋል።

እናቴ ዱካ ስባ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ቁጭ አላለችም ነበር።

«ከዳቦው ተርፎ እንደሆነ አምጣልኝ» አለችኝ። «ወጥም ካለ ጨምርበት።»

አመጣሁላት። እየበላች ሳያት አላስችል አለኝ። «እነሱ እንደሆኑ በዓመቱ ይረሱታል» አልኳት። «ደግመው ያዝኑልሻል፣ ታያለሽ።»

«ይዘኑ። በዓመቱ ደግሞ እንጣላለን።» በሙሉ አፏ ነው የምታወራው። «አሁን ከፊቴ ዞር በልልኝ፣ በሰላም ልብላ።»